ሰባት ዲግሪ ከምናምን

በሴጌድ ገበያ፣ ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣
ድንኳኑን ሲያጎብጠው የጥር ወር በረዶ፣
አምብሩሽ፣ ጓንቱ ተቀዶ፣ ጣቱ ደንዝዞ፣
ብርቱካን ይከምራል፤ ሦስቱን ከታች ይዞ
አራተኛዋን ጉብ፣ መሃል ከጎድጓዳ።
ማንም አላስተማረው፤ እጁ ነው የሚረዳ።

ኤቴልካ ቦድናር፣ የሂሳብ መምህራችን፣
አራቱን ገዝታ መጣች ወደ ክፍላችን።
«ከየሆዳቸው መሃል መስመር ብትስቡ
ስድስት ጠርዝ፣ አራት ገጽ። እስኪ አሁን አስቡ፣
ስንቱ እጅ ፍሬ ነው? ስንቱ እጅ አየር ነው?»
ጌዛ ከኋላ፦ «አየሩን ማን ሊበላው!»

እሷ አልሳቀችም። ጠመኔዋን አንስታ
ጻፈች በሰሌዳው፣ ጀርባዋን ሰጥታ፦
ራዲየስ አንድ ይሁን። የሁለት ስኩዌር ሩት
በሁለት ተባዝቶ፣ ለሦስት ሲያካፍሉት
ይዘቱ ይኸው ነው። ሰባ ስምንት እጅ ያህል
ከመቶው ፍሬ ነው፤ ቀሪው የማንም አይባል።
ሁለት ገጽ ሲገናኝ የሚሠሩት ማዕዘን
ኮሳይኑ ሲሶ ነው፤ በዲግሪ ሲመዘን
ሰባ ተኩል ዲግሪ፣ ከጥቂት ትርፍ ጋራ።
«በቃ፤ ለነገ ሁሉም አምስት አምስት ይሥራ፣
በአንድ ጠርዝ ዙሪያ አስጠግቶ ያቁማቸው፤
ይዘጋ እንደሆነ እናያለን ቀለበታቸው።»

ያን ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ የጫማ ካርቶን ቆርጬ፣
(አባቴ ቋሊማ ፋብሪካ፤ የሌሊት ተራ) ብቻዬን ተቀምጬ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ሲገባ
ስንጥቅ ቀረች፤ ጠባብ፤ ብርሃን ብቻ የምታስገባ።
መቀሱን ጠረጠርኩ። ደግሜ ቆረጥኩ።
ማስመሪያውን ጠረጠርኩ። ደግሜ ለካሁ። ደግሜ ቆረጥኩ።
በመጨረሻ አውራ ጣቴን ጫንኩ። ካርቶን ይታገሣል፤
ሙጫም ጉቦ እንደ ቀመሰ ዳኛ አይቶ ያልፋል።
ተዘጋ።

ጠዋት የሁሉም ቀለበት ክፍት ነው፣ የኔ ብቻ ሙሉ።
ጌዛ እንኳ ዝም አለ። ሊያዩት ተጋፉ ሁሉ።
ኤቴልካ ተቀበለችኝ፤ ገጾቹን በጣቷ ዳበሰች፣
ካርቶኑ የት ጋ እንዳበጠ፣ ሳታይ፣ አገኘች።
አልተቆጣችም። ከመሳቢያዋ ምላጭ አወጣች፣
በሙጫዬ መስመር ላይ ቀስ አድርጋ ሳበች።
ጠቅ አለ።
ታፍኖ እንደቆየ ትንፋሽ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ተፈታ፤
«ዦምቦር፣ ና» አለችኝ፣ ወደ መስኮቱ ጠግታ።

በስንጥቋ በኩል አየሁ። «ከሦስት መቶ ስልሳ
ሰባት ዲግሪ ከምናምን።» ውጪ ነጭ ነበር ቲሳ።
«ይህችን አንተ አልሠራሃትም፤ የመቀስህም አይደለች።
ሉሎች ሲተቃቀፉ ገና ዱሮ የነበረች።
አራት ሆነው ሲጠጉ ሰባ ስምንት ይሞላሉ፣
እልፍ ሆነው ሲከመሩ ከሰባ አራት አያልፉም አሉ።
አምብሩሽን ጠይቀው፤ ክምሩ ለምን ይተነፍሳል?»
ሁለት ሰጠችኝ፣ ከአምስት። እስካሁን ያመኛል።

አሁን የብረት ዱቄት ነው ሥራዬ፣ በቡዳፔስት፤
ኮምፒውተሩ ዱቄቱን ይሸነሽናል በየጥቃቅን ባለ አራት ገጽ፣ ያለ ዕረፍት፣
ሚሊዮኑን ይዘት ደምሮ ዓይኔ ሳይርገበገብ።
ትናንት አንዱ ተጣመመ፤ ጠፍጣፋ፣ እንደ ወረቀት የተነጠፈ፣
ይዘቱ ከዜሮ በታች፣ በኢምንት፣ ተጻፈ።
ቦግላርካ፣ አዲሷ ልጅ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ፦
«እናጠጋጋው፤ ማን ያየዋል?» አለች፣ ሰዓቷን አይታ ስታበቃ።

አውራ ጣቴ ሞቀኝ። እውነቴን ነው፤ ሞቀኝ።
መሳቢያዬን ሳብኩና ያ የጫማ ካርቶን ታየኝ፤
ሙጫው ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙን ብል ነክሶታል፣
አንዱ ገጽ ላይ «ቁጥር 42» የሚል አሁንም ይነበባል።
አምስቱ እንደ ቆሙ ናቸው። ስንጥቋም እንደ ነበረች።
ለቦግላርካ ሰጠኋት።
አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ወደ መብራቱ ይዛ፣ ረጅም ጊዜ አየች።