ከነጥብ በኋላ

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ደሴ ፒያሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
የጦሳ ጉም መስኮቱን ታክኮ ቆሟል፣ አይገባ፣ አይርቅ።
ኮምፒውተሬ ሲያጓራ አምሽቶ ገና አሁን ተነፈሰ፤
የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ጉድ አላምጦ ጨረሰ።

ሞዴሉ ቃሉን ሰጠ፤
የቃሉ ወረዳን ውሃና ተቅማጥ መዘነ፣ አበጠረ፣ መረጠ።
የተፋው ግን ደረቅ ጽሑፍ ነው።
አቶ ጌጡ ደግሞ፣ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ፣
«በኤክሴል አምጣው» ብለዋል፣ «በሠንጠረዥ ብቻ»።

ፋይሉን ጠርቼ ባስገባው ሁሉም ባንድ ዓምድ ታጨቀ፣
እንደ ሰኞ ገበያ ሚኒባስ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቀ።
«በኮማ ለያይልኝ» አልኩት። እሺ ብሎ ለያየ፤
ግን በአንዱ ስም መሀል የኔኑ ኮማ ስላየ፣
«ርቀት»ን እዚህ፣ «በእግር»ን እዚያ ጥሎ፣
ረድፉን አንድ ቤት ወደ ቀኝ ገፋው፣ ቦታ ያዝ ብሎ።
ስህተቱ ሄዶ ከግምቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤
ግምቱ ስም በሌለው ዓምድ ቆሞ አፈጠጠ።
(ይህንንስ በሰው ቢሮም አይቻለሁ።)

«1-7» ብዬ የጻፍኳት፣ የልጅ ቁጥር በየቤቱ፣
ጃንዋሪ ሰባት ሆና ጠበቀችኝ፤ ገና ገባ በክረምቱ።
ዘበኛው ሙሄ ቢያይ «እንኳን አደረሰህ» ይለኝ ነበር፣
ከነጃንጥላው ደረጃው ላይ ሲያንጎላጅ ባያድር።
የመቀነሻዋን ጭረት ደግሞ ፊደል ናት ብሎ መዘገባት፤
ወደ ግራ ተጠግታ ቆመች፤ ድምሩ እንዳላየ አለፋት።

አንድ ባንድ አቀናሁ። መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ።
ያቺ ረድፍ ብቻ ቀረች፦ ውሃ ድረስ፣ በደቂቃ።
0.00።
ሦስት ባዶ ጀሪካን፣ አንዲት ጠብታ።

አቶ ጌጡ ናቸው ያዘዙ፦ «ከነጥብ በኋላ ሁለት ይበቃል፤
ከዚያ ያለፈው የሚያነበውን ሰው ዓይኑን ያደክማል።»

እኔ ግን ያንን ቤት አውቀዋለሁ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣
ከቦርከና ማዶ፣ ቁልቋል ያጠረው፣ ጭቃው ረግፎ ማገሩ የወጣበት።
ዘምዘም ትባላለች። ስሟ ምንጭ፣ ደጇ ደረቅ።
«ውሃው ደርሶ መልስ ስንት ደቂቃ ነው?» አልኳት፣ ዓይኔ ከቅጹ ሳይርቅ።

«ደቂቃ አልቆጥርም ወንድሜ።
ሕፃኑን አጠባና፣ አስተኛና እወጣለሁ።
ይነቃል። ያለቅሳል። ይደክመዋል። ዝም ይላል።
ዝም ካለ በኋላ እደርሳለሁ።»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ ሳጥኑ «በቁጥር ብቻ» ይላልና
95 ብዬ ጻፍኩ። ለዚያን ቀን ስድስት ቤት ይቀረኝ ነበር ገና።

አሁን ሳጥኗን ጠቅ አደረግኩ፤ ከላይ መስመሩ ላይ ወጣች፦ 0.0043።
እዚያው ነበረች፣ ሁለት ዜሮ ተሻግራ፣ እንደ ሁለት ዳገት።
ለአንዲት ደቂቃ ምንም አይደለችም፣ እውነት።
ዘምዘም ግን አንዲት ደቂቃ አይደለም የምትሄደው።
አራቱንም አሃዝ እንዲያሳይ አዘዝኩት። አስቀመጥኩት። ዘጋሁት።

ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤
ሾፌሩ ሹራቡን አወለቀ፣ ኮምቦልቻ ሳንደርስ ሞቀ።
አቶ ጌጡ ሲከፍቱት የሳቸው ዓምድ ጠባብ ኖሮ፣
ያቺ ሳጥን ከዳር ዳር በ#### ታጥሮ፣
«ይሄ ምንድነው? ቫይረስ ነው እንዴ?» አሉ ፊታቸው ተቋጥሮ።

ጎንበስ ብዬ ዓምዱን አንድ ጣት ያህል ሳብኩት።
ቁጥሯ ወጣች። መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።
«ረዘመችሳ። ማሳጠር አይቻልም?»

«መንገዷን ነው» የሚል ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤
«ቤት ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን ላንብብልዎት?» አልኩ።
ማውሱን እንደያዙ ቆዩ።