ግንቡ የሚታጠፍበት

ቀጥ ያለ ግድግዳ ማንን አስቸግሮ!
የድንጋዩን ምስል በስክሪን ወጥሮ
አንድ ጊዜ ጠቅ ነው፤ ይለብሳል በተርታ፣
ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ረድፉ ሳይፈታ።
እኔን ያስመሸኝ ግን፣ ደግሞም ያስነጋብኝ፣
የሐይቁ ዳር ግንብ ነው፤ ሲታጠፍ የከዳኝ።

ሐዋሳን ለጌም ነበር የምሠራት፤
ተጫዋቹ ሮጦ የሚያመልጥባት።
ጀልባዎቹ እሺ አሉኝ፣
የመብራት ምሰሶው እሺ አለኝ፣
አባ ኮዳው እንኳ አንገቱን ቀብሮ
ዓሣ ሻጩን ሲጠብቅ፣ እሺ አለኝ አምሮ።
ግንቡ ግን ወደ ግራ ክንዱን ሲያጥፍ ጊዜ
ድንጋዩ ተለጠጠ።
ከውጭ በኩል ተስቦ እንደ አምባዛ ረዘመ፣
ጢም ብቻ ነበር የቀረው።
ከውስጥ በኩል ተጨማደደ፣
እንደታጠበ ካልሲ።

«ግጠም» የሚል ቁልፍ አለ፤ ተጫንኩት። ገጠመ!
አንድ ድንጋይ ብቻ፣ ቤት አክሎ፣ ኩርባውን ሙሉ ይዞ ቆመ።
በቁጥር ሞከርኩት፦ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ፤
ግራው ሲስማማልኝ ቀኙ ያኮርፍ ጀመር፣
በአንድ ቧንቧ እንደሚጣሉ ጎረቤቶች።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራት ጠፋ።
ያላስቀመጥኩት ሁሉ አብሮ ጠፋ።

ጠዋት፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ፣
ጋሽ ሻላሞ የባጃጅ ወንበር ያለብሳል፤
ሚስማር በከንፈሩ፣ ጠመኔ በጆሮው።
ሰማያዊና ነጭ መስመር ያለው ላስቲክ
በስፖንጁ ጉብታ ላይ ይስባል፣ ያላላል፣
ደግሞ ይስባል።
መስመሩ ጉብታውን ወጥቶ ሲወርድ ዝንፍ አይልም።

«እንዴት ነው የማይጣመምብህ?» አልኩት።
ሚስማሩን ሳያወጣ ሳቀ።
«ከዳር የጀመረ ዳር ላይ ያለቅሳል።
መሐሉን ምቺና ወደ ሁለቱም ጎን ሂጂ።
ሲጨማደድብሽ አትታገዪው፣
ቁረጪው። ትንሽ ትንሽ። እንደ መጋዝ ጥርስ።
ክብ ነገር በአንድ ጨርቅ አይለብስም፣ ልጄ።
ስፌት የለውም ካሉሽ
የተሰፋበትን አላየሽም ማለት ነው።»
«አንተስ የት ነው የምትሰፋው?»
«ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ነዋ!
በቂጡ ማን ያያል?»

ተመለስኩ። መብራት መጥቷል።
ኩርባውን ሰባት ቦታ ከፈልኩት፣
ከመሐለኛው ድንጋይ ጀመርኩ።
የውስጡን ቆጠርኩ፣ አሥራ ዘጠኝ፤ የውጩን፣ ሃያ ሦስት።
እኩል ይሁኑ ማለቴ ነበር ጥፋቴ፤
ውስጥ የሚሄድና ውጭ የሚሄድ
መንገዱ አንድ ቢሆንም እርምጃው አንድ አይደለም።
ረድፉ ከረድፉ ጋር እየተሳሳመ
ቁራጭ በቁራጭ ላይ ግንቡ ተፈጸመ።
ብቻ መጨረሻው ላይ
ግማሽ ድንጋይ ከግማሽ ድንጋይ አልገናኝ አለ።
ዋርካ ተከልኩበት።
ጥላው ሰፊ ነው። ማንም አያይም።

አመሻሽ ላይ ወደ እውነተኛው ግንብ ወረድኩ፣
የዓሣ ቅርፊት ጫማዬ ሥር እየተሰበረ።
ኩርባው ጋ ደረስኩ። ዋርካ አለ፤
ከኋላው ገባሁ፣ በስልኬ መብራት አየሁ።
ረድፎቹ አልገጠሙም።
በመሐል ጡጫ የምታህል ሲሚንቶ፣
ተጠቅጥቃ፣ ተደምድማ፣
በላይዋም የሰው አውራ ጣት፦ ከነመስመሩ፣
እርጥብ ሳለ ተጭኖ የቀረ።
ማን ነበር? ፀሐይ ሊገባበት የቸኮለ ግንበኛ?
ወይስ እንደ እኔ አንዴ ቆጥሮ፣ ሁለቴ ቆጥሮ የሰለቸው?
ጣቴን ከተትኩበት። ሰፋኝ።

ነገ ኢዮስያስ ፋይሉን ከፍቶ
«እዚህ ጋ ስህተት አለብሽ» ይለኛል።
ይበለኝ።
ዛሬ ማታ ግን ማውሱን ይዤ
ዋርካዋን ወደ ጎን ገፋኋት፤
ሁለት እርምጃ ብቻ።