ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት

አምስት ሽቦ ደረቱ ላይ፣ ወገቡ ላይ ትንሽ ሣጥን፣
አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት የልቡን ርምጃ ስትመዝን
አደረች ከጋሽ ቢያድግልኝ ጋር በፋብሪካው በር ጥበቃ፤
ዛሬ ጠዋት ተፈታች፣ የእሷም ፈረቃ አበቃ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ ቂርያት ጋት፣ ከክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፤
የሰው ሕመም በአፌ ያልፋል፣ ያልነካኝ መስሎ ከላይ።

ከሣጥኗ ጋር ወረቀት ሰጥተውት ነበር፣ ባለ ሦስት ረድፍ፦
ሰዓቱን፣ የምትሠራውን፣ የተሰማህን ጻፍ።
ጻፈ። በእኛው ፊደል ጻፈ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፦

ምሽት አንድ ሰዓት። ሥራ ገባሁ። ደኅና ነኝ።
ሦስት ሰዓት። የጭነት መኪና መጣ፣ በር ከፈትኩ። ደኅና ነኝ።
ስድስት ሰዓት። ውሻው ጮኸ፣ አጥሩን ዞርኩ፣ ሰው የለም። ደኅና ነኝ።
ዘጠኝ ሰዓት። ቡና።

ከቡናው ጎን ሦስተኛው ረድፍ ባዶ ነው።

ዶክተር ላሪሳ መስመሩን በስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣
«እዚህ ጋ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ልቡ ተደናቅፏል» አለች፤
«ቡና የጠጣው መቼ ነው?» እኔም ቁጥሩን አንሥቼ፣
«ዘጠኝ» አልኳት በዕብራይስጥ፣ ማሰቡን ለኋላ ትቼ።

ፈገግ አለች። «ስድስት ሰዓት ልዩነት! ቡናው ነጻ ይወጣል፤
እስከዚያ ድረስማ ጉበት ከግማሽ በላይ ያጥበዋል፤
ሁለት ሦስት ሲኒ ቡና ለብዙው ሰው ይስማማዋል፤
ይጠጣ በይው።»

ስድስት።
ይህን ስድስት አውቀዋለሁ።
አባቴ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሮ፣ እስኪሞት ድረስ፣
የእጅ ሰዓቱን ያላስተካከለበት ስድስት።

ጋሽ ቢያድግልኝ የሐኪሟን ፈገግታ አይቶ ፈገግ ብሏል።
ዝም ብል ቡናው ይተርፍለት ነበር። ዝም ብል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። የእሱ ዘጠኝ ያንቺ ሦስት ነው» አልኳት።
ፈገግታዋን እንደ መነጽር አጥፋ ኪሷ ከተተችው።
«እንግዲያው ቡናው ነው።»
«ቡናው ነው ትላለች፣ ጋሼ።»

ብዙ ቆየ። ሸሚዙን ቆለፈ፣ አንዱን ቁልፍ ዘሎ፤
«ለምን ጠጣህ ብላ ትጠይቀኝ» አለኝ ቀስ ብሎ።
«ናዖር ሰሜን ነው፣ ድንበር ላይ፤ ጽፌለት ነበር ማታ፤
ዋትሳፑ ላይ ሁለቱ ምልክት ግራጫ ናቸው፣ ሰማያዊ አልሆኑም ላፍታ።
ብተኛ ያመልጡኛል ብዬ ቡና በጠበጥኩ፣ ጥቁሩን፣ ወፍራሙን፤
ልቤ የዘለለው ፉት ሳልል ነው? ፉት ካልኩ በኋላ? እኔ እንጃ ይህን።»

ሁሉንም ተረጎምኩ፣ ድንበሩን፣ ግራጫውን። ላሪሳ አጎነበሰች፤
አራተኛ ረድፍ የፈለገች ይመስል ወረቀቱን ገለበጠች።
ኋላዋ ነጭ ነው።
ከዚያ ጻፈች፦ ቡና አንድ ብቻ፣ ጠዋት።
እኔም ከሥሩ በአማርኛ፦ በእነሱ ሰባት፣ በእኛ አንድ ሰዓት።

ምሳ ላይ በደረጃው መስኮት ቁልቁል አየሁት፣
ከአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ወንበር ላይ፤
ሁለት ቁጥር አምስት አለፈው፣ ሌላም አለፈው፣ አልተነሣም።
ስልኩ በአንድ እጁ፣ ፊቱ ወደ እሱ እንዳዘነበለ፤
በሌላው እጁ የወረቀት ብርጭቆ፣
ሞቃት መሆኑ ከአያያዙ ያስታውቃል።

ውስጡ ምን እንደነበር አላየሁም።
የጠየቀኝም የለም።