ውታፍ

ጀልባዋን ሳብናት በኅዳር መባቻ፣
ሁለት ሰው፣ አንድ ገመድ፣ የዛገ ማንሻ ብቻ።
ራግንቫልድ ከማንሻው፣ እኔ ከውኃው ሆኜ፣
እስከ ወገብ ርሼ፣ ጎኗን ተጭኜ።

ግሬበስታድ ጭር ብላለች፤
የበጋ እንግዶቿን እንደ ጨው አራግፋ፣
ወንበሯን ገልብጣ፣ መስኮቷን ቆልፋ።
አይስክሬም መሸጫው በጣውላ ታሽጎ፣
ጣሪያው ላይ አንድ የባሕር ወፍ ቆሟል፣
ባለዕዳውን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን አስግጎ።

ወጣች። ሆዷን አየነው፦
ስድስት ወር ያበቀለችው ነጭ ቅርፊት፣
ሙጭጭ ያለ ትንንሽ ጥርስ፣
ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት።
ፍቄ ፍቄ ክንዴ ዛለ።
"ባሕር እንዲህ ነው፣" አለ፣
"ዝም ካልሽው ቤቱን በላይሽ ይሠራል።"

ከዚያ ሞተሩ።
ጨው ሲጠጣ የከረመ ጉሮሮውን
በባልዲ ንጹሕ ውኃ አስጉመጠመጥነው፤
ሳለ፣ አጉረመረመ፣ ጥቁር ተፋ፤
ዘይቱን ቀይረን፣ ግሪስ ቀብተን፣
እንደ አራስ ጠቀለልነው።
ባትሪው ግን ራግንቫልድ ወጥ ቤት ይከርማል፣
ከምድጃው አጠገብ፣ ከድመቷ ጎን።
"እንደኔው ነው፣" ይላል፣ "ብርድ አይሆነውም።"

መረቡን ስናጥፍ ዓመቱ ተቆጠረ፦
ይህ ቀዳዳ የሰኔው፣ ድንጋይ የያዘን ሌሊት፤
ይህ ጠማማ ስፌት የኔ።
ማኬሬሉ በሐምሌ እንደ ጉድ ነበረ።
ኮድ ዓሣ ግን አልመጣም።
ዘንድሮም አልመጣም።
መንጠቆ ሲጥል፣ ሲጎትት፣ ሲጥል ውሎ፣
"ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ብዬ ብተርትለት፣
እስኪያስለው ሳቀ፤
"ዘንዶም ቢሆን በወጣ፣" አለ፣ "በዚህ ዓመት!"

እኔ አገር ክረምት በር መክፈቻ ነው፦
ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዘር፣ ሞፈር።
እዚህ ቁልፍ ነው።
አንዲቷን ቃል ይዤ መጥቼ
ሁለተኛ ሰማይ አለበስኋት፤
ጠበባት። ግን ለመደችው።

በእንጨት ባላ አስደገፍናት፣
አፍንጫዋን ከፍ፣ ጅራቷን ዝቅ፣
ውኃ እንዳይተኛባት፤
የተኛ ውኃ በረዶ ሆኖ ነው የሚነሣ።
"ጀልባ ባሕር ላይ አትሞትም፣" ይላል፣
"ጓሮ ውስጥ ነው የምትሞት፣ በየካቲት፣ በስንፍና።"

ከዚያ ውታፉን ፈታ።
ከቀፎዋ ግርጌ የምትሸጎጥ፣
ከአውራ ጣት የማትበልጥ ነሐስ።
የቀረው ውኃ ፎለል ብሎ ወረደ፤
በጋው በዚያች ቀዳዳ አለቀ።
በየዓመቱ ይህችን ውታፍ
ከደረት ኪሱ፣ ከመነጽሩ ጋር ያከርማታል፤
እሷን የያዘ ነው በሚያዝያ ጀልባዋን የሚያወርድ።
ያለሷ የወረደ ይሰጥማል።
ሕጉ ይኸው ነው። የትም አልተጻፈም።

ዘንድሮ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከብርዱ ነው አልሁ፣
ብርድ እንዳልሆነ እያወቅሁ።
በሹራቡ ወለወላት፣ አያት፣
መዳፌን ገልብጦ አስቀመጣት፣
ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፈልኝ።
ከዚያ ስለ ሸራው ጠየቀኝ፦
ገመዱ ጠብቋል?
ጠብቋል አልሁት።

እኛ ዘንድ ሰውን ውታፍ ነቃይ ካሉት
ለጠብ ይነሣል፤
የጌታ ተላላኪ፣ የወሬ አቀባይ ማለት ነው።
ለውታፍ ያዥ ግን
ስም ያወጣ የለም፣
ስድብም ይሁን ሹመት።
ዛሬ ጨው በበላው በዚህ ወደብ
ያልተሰየመውን ማዕረግ ተቀበልሁ፤
እጅ አልነሣሁም፤ እጄ ግሪስ ነበር።

ማታ ኮቴን ስሰቅል
ኪሱ ከግድግዳው ተጋጭቶ
ኳ አለ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።
ገና ነው፣ አልሁት፣
ገና አምስት ወር።