ቃለ ጉባዔው ያልያዘው

እኔ ጸሐፊ ነኝ የማዘጋጃ ቤቱ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እስኪጋመስ ሌቱ፣
የሰው ቃል ለቃሚ፣ ለሰው ነገር ባዳ፣
ሳቅን የማልጽፍ፣ ሳግን የማልቀዳ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስጽፍሽ በአንቱታ፣
«ተቃወሙ» እያልኩ «ወይዘሮ ሮስቪታ»፣
ዛሬ ወንበርሽን ባዶ ሆኖ ሳየው፣
አንቺ ልልሽ ወደድኩ፤ ማን አለ የሚያየው።

የጣሪያ ሠሪ ልጅ፣ አለር ዳር ያደግሽ፣
በአባትሽ መሰላል ከሰው ሁሉ ልቀሽ፣
ኤለንሮደን ያየሽ ከላይ ሆነሽ ገና፣
ማን ቤት እንደሚያፈስ ታውቂ ነበርና፣
ለምርጫ ስትቀርቢ መፈክር ሳትይዢ፣
«የት ነው የሚያፈሰው?» ነበር የምታበዢ።
ቲደማን ሳቀብሽ፣ ያ ቢራ ጠማቂ፤
«ጣሪያዋን ትጠግን» አለ ነገር አዋቂ።
ሸንጎው አብሮት ሳቀ።
ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊም
ሳቅ አይጽፍም ነበር።

በአሥራ አንድ ድምፅ ብቻ ከንቲባነት አጣሽ፤
በሣልስቱ ማክሰኞ ከሁሉ ፊት መጣሽ፤
ኮትሽን ሰቀልሽ፣ መነጽር አጠለቅሽ፣
ስለ ፍሳሽ ቱቦ ሰዓት ሙሉ አደረቅሽ።

ያ የብቅል መጋዘን፣ አይጥ የወረሰው፣
ለመኪና ማቆሚያ ሸንጎው ሊያፈርሰው፣
«ቁልፉ ጠፋ» አልሽና፣ እኔም «ጠፋ» አልኩኝ፣
ከካፖርትሽ ኪስ ውስጥ ሲያቃጭል እየሰማሁኝ።
ክረምቱ ሳይወጣ መጋረጃ ሰቅለሽ፣
በሀገሬው ዘዬ ቲያትር አሠርተሽ፣
ፖስተኛው ንጉሥ ሆኖ፣ ዘውዱ ጆሮው ላይ ወርዶ ሲያለቅስ፣
ቲደማንም መጣ፤ ወንበር ተሸክሞ እስከ መድረክ ድረስ።
ያን ሁሉ ዘመን ነገር ለጠመቀብሽ ሰው፣
ብቅል እንጂ በቀል ከእጅሽ አልቀመሰው።

ደሞ ያ ሌሊት አለ። አለር ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣
የምድር ቤቱ መዝገብ በጭቃ ተለውሶ፣
እስከ ጉልበታችን ቆመን ስናወጣ፣
የባትሪሽ ብርሃን ሲመጣ፣ ሲታጣ፣
«ኡወ» አልሽኝ ድንገት፣ ሣጥን አቀብለሽ፣
«አንቱታው ይብቃና፣ አንቺ በለኝ» ብለሽ።
እኔ ግን የፈራሁ፣ የወረቀት ሎሌ፣
«እሺ፣ ወይዘሮ» አልኩ፤ ይኸው ነው በደሌ።
ሳቅሽ። ሌላ ሣጥን አቀበልሽኝ።
ሁለተኛ አላነሣሽውም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ሳምንትሽ ሳይሞላ፣
አጀንዳ ስድስት ላይ፣ ከበጀቱ ኋላ፣
«የእግረኛ ድልድዩ በስሟ ይጠራ»
ሲል ወጣቱ ሃርምስ፣ አዳራሹ በራ።
ያን ጊዜ ተነሣሁ፣ የማልናገረው፤
ከአሮጌው መዝገብ ገልጬ ያነበብኩት ያንቺኑ ደንብ ነው፦
«ሰው ከሞተ በኋላ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ፣
ስሙ በመንገድ ላይ፣ በድልድይ አይዋላ።»
ያሳፈሩንን ስሞች ስንነቅል ከግንብ፣
በእጅሽ ያረቀቅሽው፣ በቁጣሽ፣ ያ ደንብ።

ጸጥታ። ከዚያ ሳቅ፣ ከኋላ ጀምሮ፤
ቲደማን ዓይኑን ጠረገ፣ በከዘራው አቀርቅሮ።
ሐሳቡም ወደቀ፣ አንድ እጅ ሳይጎድል።
በቁምሽ በአሥራ አንድ የተሸነፍሽው፣
ሞተሽ የሁሉን ድምፅ ጠቅልለሽ ወሰድሽው።
በኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣ «ሳቁ» ብዬ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩትን ሕግ ጥዬ።

አጀንዳ ሰባት፦ የድልድዩ መብራት።
ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል።
ጥናት ይጠና፣ ጨረታ ይውጣ ተብሏል፤
እስከ ግንቦት ሊፈጅ ይችላል።
አንቺ ብትኖሪ፣ ይሄኔ
መሰላል ታስመጪ ነበር።