የሥራ ልምድ፣ በዓመት

ካዛንቺስ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ አሳንሰሩ ቆሟል፣
ጃርሶ ቀድሞኝ ወጣ፣ የኔ ትንፋሽ ተቆርጧል።
በሩ አጠገብ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ቅጽ፣
ስም፣ ወረዳ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ግማሹ ባዶ ገጽ።
«የሥራ ልምድ፣ በዓመት» ይላል አንዱ መስመር።
እስክሪብቶዬን ያዝኩ፤ ከየት ልጀምር?
ወረዳው ከቀጠረኝ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት።
ድንጋይ መደርደሩ ግን፣
ካባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ቁልቁል ያየሁት፣
አባቴም ካባቱ፣ እሱም ካባቱ ያየው፣
በስንት ይቆጠራል? ማንስ ነው የሚያምነው?
መንደራችን ሞራ ላይ ኦላሂታ ቆሟል፣
አንድ ትውልድ ሲያልፍ አንድ ግንድ ይተከላል፤
የጥንቶቹ በስብሰው ቁጥራቸው ጠፍቷል።

ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ።
ጃርሶ ባዶ ተወው።

«አባ ሄሬጋ ነኝ» አላት መዝጋቢዋን፣
«የጉድጓዱን ተራ የማወጣ፣
ማን ከብቱን እንደሚያስቀድም፣ ማን ነገ እንደሚጠጣ።»
ልጅቷ «አስተዳደር» ብላ ጻፈችለት።
ሳቀ እንጂ አልተቆጣ።

ግድግዳው ላይ ካርታ በራ፤ ሰማያዊው ውሃ፣ ቢጫው ደረቅ ምድር።
ጃርሶ ተነሥቶ ሄደ፣ ወንበር ገፍቶ፣ ሳይናገር፤
ጣቱን አሳረፈ ከቢጫው መሐል፣
«እዚህ ጋ ሰው በሰው ላይ ቆሞ፣ እያዜመ ውሃ ይቀዳል።»
ዶክተር እንግዳወርቅ መነጽሩን አወለቀ።
ጣቱ ያረፈበትን አየ። ማስታወሻው ላይ ነጥብ አደረገ።

«ቅድመ ማስጠንቀቂያ» ሲል፣ አሲያ፣ የአፋሯ፣
«ዳጉ ነዋ!» አለች፣ እጇን ሳታወጣ፣ ሳይደርሳት ተራዋ፤
«የኛ ሰላምታ ዝናቡ ነው፣ ሣሩ ነው፤
ነግሮን ያልፋል መንገደኛ፣ ነግረነው እንሄድ፣
የናንተ መልእክት ይመጣል፣ ከብቱ ካለቀ፣ ኔትወርክ ሲፈቅድ።»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ግራፍ መጣ።
የሠላሳ ዓመት በልግ፣ በቀይ መስመር፣
ከቀጠሮው ሲዘገይ፣ ሲዘል፣ ሲቀር።
ሌላው ሰው ይጽፋል።
እኔ አባቴን አየሁት፤
ደጃፉ ላይ ቆሞ ደመና እያነበበ፣
«ነገ ነው» ብሎ መንደሩን ለዘር የሰበሰበ።
ተዘራ። ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም።
በዓመቱም እንዲሁ ሆነ።
በሦስተኛው ዓመት ማንም አልጠየቀውም።
«ዐይኔ ደክሟል» አለ። ከሽማግሎቹ ርቆ ተቀመጠ፤
ስለ ዝናብ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ በገዛ ዐይኑ እንዳፈረ፣
ተቀበረ።

ዐይኑ አልደከመም ነበር።
ቃሉን የበላው ሰማዩ ነው፤
ያውና ቀዩ መስመር።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም መጀመሪያ፣
ቆይቶ መጣ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፤
የፈረሰው ሰፈር አፈር፣ ጎርፍ ሆኖ ወደ በራችን ወረደ።
ጋሽ ደምሰው፣ ዘበኛው፣ በመጥረጊያ ይታገላል፣
«ተው» አልኩት፣ «ውሃ ይለመናል እንጂ መቼ ይባረራል?»
ከፍርስራሹ ድንጋይ አመጣን፤ ጃርሶ አቀበለ፣ እኔ ደረደርኩ፣
በየመሐሉ ክፍተት እየተውኩ፤
መንገድ ያልሰጡት እንግዳ በር ይሰብራል።
ጎርፉ ዞረ፣ ቀጠነ፣ ቁልቁል ወደ ባንቲከቱ ሄደ።
ዶክተሩ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጫማው ውሃ ጠግቦ፣
«ይሄን ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ቅጹ አልጠየቀንም።»

ዓርብ ሰርተፊኬት ሰጡን፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው።
ስሜ ኦርካይዶ ነው፤ «ኦርኪዶ» ይለዋል።
አላስተካከልኩም።
ኡራኤል ጋ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ መስኮት፣
ሰርተፊኬቱን ሳይሆን ያችን አንዷን ገጽ ሰጠሁት።
«በጥቁር ነው በከለር?» አለኝ ልጁ፣ ቀና ሳይል፣ ማሽኑን እየከፈተ፣
«በጥቁሩ ይረክሳል።»

«በከለር አርገው» አልኩት።
«ቀዩ ይታይ። ለሽማግሌዎች ነው የምወስደው።»