አርባ አምስተኛው ደቂቃ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን፣ ከመስኮቴ ኋላ
ትኬት ስቆርጥ ኖርሁ፣ ዓመት ዓመትን ሲበላ።
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይለኛል የመጣው፤
«አንድ ሰዓት ከአስር» አፌ ነው የሚያወጣው።

ጎንደር አዲስ አበባ፦ በአስፋልት ከሄዱ
ሰባት መቶ ሠላሳ፤ ሁለት ቀን መንገዱ።
በአየር አራት መቶ፣ ሃያ ቢጨመር ነው፤
ቀሪውን ሦስት መቶ ማን እንደወሰደው
አስቤው አላውቅም። ሰልፍ ሲገፋፋ
ለጎደለ ኪሎሜትር ማን ተቀምጦ ይለፋ?

ጥቅምት ላይ፣ ማክሰኞ፣ ለምሳ ስንጣደፍ
ወይዘሮ ዘርትሁን ቆሙ ከበሩ ደፍ።
ከማክሰኚት ናቸው፤ ብሩን በመሐረብ
ቋጥረው ቋጥረው ይዘው፣ አሉ ቀረብ ቀረብ።
«ስንት ሰዓት?» አላሉም፣ እንደ ሌላው ሰው፤
«ዓባይን በስንተኛው ደቂቃ ነው የሚያልፈው?»

ግራ ገባኝ።
«ባለቤቴ አዝመራው፣ የኤንትሬ ሹፌር፣
ሰሊጥ ከመተማ ያመላልስ ነበር።
አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ከደጀን ሲወርድ፣
ፍሬን ከዳው። ረዳቱን ‹ዝለል!› አለው በግድ።
ረዳቱ ዛሬም አለ፤ ልጆች አሉት፣ ሦስት።
አዝመራው ግን አልወጣም፤ ገደሉ ዝም አለበት።
አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ያን በር ሳልረግጠው።
አሁን ልጄ ወልዳ፣ ላርሳት መሄዴ ነው፤
ደቂቃዋን ንገረኝ፣ ተኝቼ እንዳላልፈው።»

ምሳዬን ተውሁና ከግድግዳው ካርታ
ማስመሪያ አጋድሜ ለካሁት በዝግታ፤
አካፈልሁ፣ ደገምሁት፣ ፓይለትም ጠየቅሁ፤
ደርሶ መልስ ቆርጬ፣ ጀርባው ላይ «አርባ አምስት» ጻፍሁ፣
በቀይ ከበብሁት።
ወንበሩንም ከመስኮቱ ጋ አደረግሁት።

ጥር ገባ። ከተማው በእንግዳ ታጭቆ፣
ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ትከሻ ተጣብቆ፣
ሕፃኗ ሰማንያዋን ጨርሳ፣ ክርስትናው አልፎ፣
መጡ፤ የነጠላቸው ጥለት በአቧራ ተጽፎ።

«ደመና ነበረ» አሉኝ፣ «ነጭ፣ እንደ ባዘቶ።
ሰዓቴን ስመለከት፣ አርባ አምስቱም ሞልቶ፣
ብድግ ልል ስነሣ ቀበቶው ያዘኝ፤
ልጅቷም ‹ውሃ ነው ጭማቂ?› አለችኝ።
‹ውሃ› ብዬ ሳልጨርስ አርባ ሰባት ሆነ፤
ያ ሁሉ በረሃ በአንድ ጉንጭ ተከደነ።
ስመለስ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት እኔ።
አንድ ሰዓት ወረድን፣ አንድ ሰዓት ወጣን፤
ልኩ ያ ነው፣ ልጄ፣ የአዝመራው መጠን።
ሹፌሩ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ሳልለምነው፤
እሱም ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ነው።
እንካ፣ የመልሱን ትኬት ተረከበኝ፤
የሚቆረጠውን ቆርጠህ ቀሪውን መልስልኝ።»

የተመላሽ ቅጹ ላይ አንዲት መሥመር አለች፣
«ምክንያት» የምትል፣ ሁለት ጣት የሆነች።
ሕመም፣ ሐዘን፣ ሥራ ነው የሚገባባት፤
እኔ ብዙ አሰብሁና «አጠረ» አልሁባት።

በሳምንቱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደወለ፦
«ምኑ ነው ያጠረው? ወንበሩ ነው?» አለ።
ሰልፉ ደግሞ ረዝሞ በሩን አልፎ ወጥቷል፤
አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።
«ወንበሩስ ደህና ነው።» «ታዲያ ምኑ?» ሲለኝ
«ሦስት መቶ ኪሎሜትር ይሆናል» አልሁት፣
«ጥቂትም ትርፍ አለው።»

መሥመሩ ተቋረጠ። እሱ ይሁን ኔትወርኩ፣ እንጃ።
ጎረምሳው ጠጋ አለ፦
«ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ጋሼ?»